ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

በብሪታንያ መንግሥት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው በየጊዜው የሚከፍለው ገንዘብ አለ። ዛሬ «የልጅ አበል» ይባላል፤ ሲጀመር «የቤተሰብ አበል» ነበር ስሙ። መጠኑ ትልቅ አይደለም። በ2025 ለመጀመሪያው ልጅ በሳምንት 26 ፓውንድ ከ5 ፔንስ፣ ለተከታዮቹ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 17 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ነበር። ለንደን ውስጥ በዚህ ገንዘብ የሕፃን ወተትና ዳይፐር ቢሸፈን ነው። ይሁንና ይህችን ገንዘብ ለማስገኘት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሙግት ፈጅቷል። ከተገኘች በኋላም በእሷና በመሰል ድጎማዎች ምክንያት ካቢኔ ተከፋፍሏል፣ የመንግሥት ምስጢር አደባባይ ወጥቷል፣ የምክር ቤት አባላት ከፓርቲያቸው ታግደዋል። ሙግቱ ሁሉ የሚዞረው በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው፦ ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ? የሚቆጠረውስ የትኛው ልጅ ነው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት እንደተነሣ ለመረዳት ከላምቤዝ መጀመር ይሻላል። ላምቤዝ ከቴምስ ወንዝ በስተደቡብ የሚገኝ የለንደን ሠፈር ነው። ከ1909 እስከ 1913 ፋቢያን የሚባለው የሶሻሊስቶች ማኅበር ሴቶች በዚያ ሠፈር ቤት ለቤት እየዞሩ የሠራተኛ ሚስቶችን ወጪ በየሳምንቱ ያስመዘግቡ ነበር። መጻፍ የማይችሉት እናቶች በልጃቸው ወይም በባላቸው እጅ ያስጽፉ ነበር። ከእነሱ አንዷ የነበሩት ሞድ ፔምበር ሪቭስ ውጤቱን በ1913 «በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አሳተሙት። የተመረጡት ቤቶች የሰካራም ወይም የሥራ ፈት ቤቶች አልነበሩም። ባሎቹ ሥራ ያላቸው፣ ሠፈሩ ጨዋ የሚላቸው ሰዎች ናቸው። ሚስትየዋ እጅ የምትገባው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ሃያ ሺሊንግ ገደማ ግን ገና ሳትደርስ ያለቀች ነበረች። ሲሶ ያህሏን የቤት ኪራይ ይወስዳታል። ከዚያ ከሰል አለ፣ ሳሙና አለ፣ የቀብር መድን አለ። ለቀብሩ መድን በልጅ በሳምንት አንድ ፔኒ ያህል ይከፈል ነበር። ሕፃናት የሚሞቱበት ዘመን ስለነበር ለወተት ሊሆን የሚችለው ፔኒ ለሬሳ ሣጥን ይቀመጣል። እድር የሚከፍል ሰው እነዚያን እናቶች ለመረዳት አይቸገርም፤ ልጅን እንደ ለማኝ ከማስቀበር የባሰ ውርደት አልነበረም።

ለምግብ የሚተርፈው ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ያለው ነው። ሥጋ ከተገዛ ለባል ይቀርባል፤ እሱ ከታመመ ሁሉም ስለሚራብ ሚስት ራሷ ናት የምትፈርድለት። ልጆቹ ጠዋትም ማታም ዳቦ ይበላሉ። እናት የምትበላው የተረፈውን ነው፣ ከተረፈ። መዝገቡን ገልጦ ላየ ሰው ጎልቶ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፦ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ልጅ ሲወለድ የባልየው ደሞዝ አንዲት ፔኒ አይጨምርም። የሚጨመረው ልጅ የሚካፈለው ከወንድሞቹና ከእናቱ ሳህን ላይ ነው። ሪቭስና ጓደኞቻቸው ድሆች እናቶች ገንዘብ አያያዝ አያውቁም ለሚለው የዘመኑ ስብከት የሰጡት መልስ ይኸው የወጪ መዝገብ ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ የሰጠ ያለ አይመስለኝም።

ይህን የጓዳ ጉዳይ ወደ ምክር ቤት ሙግት ያደረሱት ወይዘሪት ኤሊኖር ራትቦን ናቸው። በ1872 ከሊቨርፑል ባለጸጋ ነጋዴዎች ቤተሰብ ተወለዱ፤ አባታቸው የምክር ቤት አባል ነበሩ፣ እሳቸውም ኦክስፎርድ ተምረዋል። እንዲህ ያለች ሴት በዚያ ዘመን ምጽዋት ብታድል ማንም አይደነቅም ነበር። ራትቦን ግን ሊቨርፑል ወደብ ወርደው የጭነት ሠራተኞችን ኑሮ ማጥናት ጀመሩ። እነዚህ ሠራተኞች በግማሽ ቀን የሚቀጠሩ ናቸው፤ መርከብ ከመጣ ሥራ አለ፣ ካልመጣ የለም። ሚስቶቻቸው ሰኞ ዕለት የባላቸውን የክት ልብስ በመያዣ ሰጥተው ተበድረው ቅዳሜ መልሰው የሚያወጡ ሴቶች ነበሩ። ጥናቱ በ1909 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ራትቦን የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነው ተመረጡ። በ1913 ደግሞ ባሎቻቸው ሞተውባቸው «የድሆች ሕግ» በሚባለው የዘመኑ እርዳታ ደጃፍ ላይ ስለወደቁ ሴቶች ሌላ ጥናት አወጡ። ትናንት የተከበረች የቤት እመቤት የነበረችው ሴት ባሏ በሞተ ማግስት ተመርማሪ ለማኝ ትሆናለች። የሠራችው ሥራ አልተለወጠም፤ ያው ልጆቿን ታሳድጋለች። የተለወጠው በመካከል ሆኖ ገንዘቡን ያቀብላት የነበረው ሰው መሞቱ ብቻ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ራትቦን ያልጠበቁት ማስረጃ አገኙ። መንግሥት ለዘመቱ ወታደሮች ሚስቶች የመለያየት አበል ይከፍል ጀመር፤ ክፍያው በቀጥታ ለሴቷ ነው፣ መጠኑም በልጆች ቁጥር ያድጋል። ራትቦን በሊቨርፑል የወታደር ቤተሰቦችን የመርጃ ሥራ ያስተባብሩ ስለነበር ለውጡን በዓይናቸው አዩት። ባል ግንባር ሆኖ እንኳ ልጆቹ ጫማ አደረጉ፣ ቤቱ ጠገበ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በየሳምንቱ በቁርጥ የሚመጣ፣ የራሳቸው የሆነ ገንዘብ የያዙ እናቶች ነበሩ። ራትቦን ይህን ካዩ በኋላ ጦርነቱ ሲያልቅ አበሉ የሚቋረጠው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በ1917 ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የቤተሰብ አበል ንቅናቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚሁ ጦርነት ወቅት በለንደን ምሥራቃዊ ሠፈሮች ሌላ ሴት ከራትቦን በባሰ ችኮላ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናውቃት ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ጦርነቱ ሲጀመር የምግብ ዋጋ ሲንርና የወታደሮች ሚስቶች አበል ሲዘገይ በቦው ሠፈር በመነሻ ዋጋ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፈተች። በአቅራቢያው የነበረ አንድ መጠጥ ቤትም ተከራይታ የሕፃናት መዋያና የእናቶች ክሊኒክ አደረገችው፤ ቀድሞ በጠመንጃ ሠሪዎች ስም ይጠራ የነበረው ቤት «የእናቶች ክንድ» ተባለ። በ1930 እናቶች በወሊድ እንዳይሞቱ አገር አቀፍ የወሊድ አገልግሎት እንዲቋቋም የሚሞግት መጽሐፍ ጻፈች። ከ1936 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ነጻነት የታገለችው፣ ኋላም አዲስ አበባ መጥታ ኖራ በ1960 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ይህችው ሴት ናት። ራትቦንም ቢሆኑ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር የራሳቸውን መንግሥት በምክር ቤት አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ነበሩ። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው፤ ሲልቪያ አብዮት ትጠብቃለች፣ ራትቦን ሕግ ያረቅቃሉ። ይሁን እንጂ የቦውን ሕፃን የተመለከተ ዓይን የአድዋንና የደሴን ሕፃን ማየት አለመቸገሩ የሚገርም አይደለም።

በ1924 ራትቦን ዋናውን መጽሐፋቸውን አወጡ፤ «ከውርስ የተነቀለው ቤተሰብ» ልንለው እንችላለን። ያኔ የሠራተኛ ማኅበራት የሚጠይቁት አንድ ወንድ፣ አንዲት ሚስትና ሦስት ልጆች የሚያኖር ደሞዝ ነበር። ራትቦን የሕዝብ ቆጠራውን ይዘው ሒሳቡን ሠሩት። አብዛኛው ወንድ ሠራተኛ ሦስት የሚጦራቸው ልጆች የሉትም፤ ብዙው ጨርሶ ልጅ የለውም። ስለዚህ ያ ደሞዝ ቢከፈል በሚሊዮን በሚቆጠሩ የሌሉ ልጆች ስም ገንዘብ ይወጣል። አራትና አምስት ልጅ ባለበት ቤት ያሉ እውነተኛ ልጆች ግን እንደተራቡ ይቀራሉ። ከዚህም አልፎ ሴት ሠራተኛ ከወንድ ያነሰ የሚከፈላት «እሱ ቤተሰብ አለበት» በሚል ሰበብ ነው። ደሞዝ ለሥራ ይከፈል፣ ልጅ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ደግሞ ከማኅበረሰቡ በቀጥታ ልጁን ለምታሳድገው ሴት ይሰጥ፤ ያን ጊዜ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ መንገዱ ይከፈታል። ክርክሩ ይህ ነበር፤ መቶ ዓመት ቢያልፈውም አላረጀም።

ተቃውሞው ከቀኝም ከግራም መጣ። ወግ አጥባቂዎቹ የአባት ኃላፊነት ይላላል አሉ። ክፉኛ የጎዳው ግን የሠራተኛ ማኅበራቱ ጥርጣሬ ነበር። አሠሪዎች አበሉን እያሳዩ ደሞዝ ይቀንሱብናል ብለው ፈሩ፤ በፈረንሳይ የቤተሰብ አበልን ያስፋፉት አሠሪዎች ራሳቸው ስለነበሩ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ራትቦን በ1929 ምክር ቤት ከገቡ በኋላም ለዓመታት የሚሰማቸው አጡ። ድጋፍ ፍለጋ የወሊድ መቀነስ ካሰጋቸው፣ አልፎም የሰው ዘር ጥራት ከሚሰብኩ ሰዎች ጋር የንቅናቄያቸው ሰዎች መድረክ የተጋሩበት ጊዜ አለ። ይህን የታሪኩን ክፍል መሸፈን አይገባም፤ ለድሃ ልጅ የቆመ ንቅናቄ የድሃን መውለድ ከሚጸየፉ ሰዎች ጋር መዋሉ ጠባሳ ነው።

በመጨረሻ በሩን የከፈተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1939 የከተማ ልጆች ከቦምብ እንዲያመልጡ ወደ ገጠር ሲላኩ የተቀበሏቸው ቤተሰቦች የልጆቹን ክሳትና የጫማቸውን ነገር አይተው ደነገጡ። በ1940 ኢኮኖሚስቱ ኬንስ የጦርነቱ ወጪ እንዴት ይሸፈን በሚለው ጽሑፋቸው ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አምስት ሺሊንግ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ። አበል ካለ ሁሉን አቀፍ የደሞዝ ጭማሪ ጥያቄ ይበርዳል፣ ዋጋ አይንርም የሚል የሒሳብ ሰው ስሌት ነበር። ዊሊያም ቤቨሪጅ ደግሞ የራትቦንን መጽሐፍ ገና እንደወጣ አንብበው የተማረኩ ሰው ናቸው፤ ይመሩት በነበረው የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ለሠራተኞቻቸው የልጆች አበል እስከመጀመር ደርሰው ነበር። በታኅሣሥ 1942 የወጣው ዝነኛ ሪፖርታቸው ያለ ልጆች አበል የማኅበራዊ ዋስትናው ሁሉ አይቆምም አለ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሥራ አጥ ሰው ድጎማ የሚያገኘው በቤተሰቡ ልክ ነው፤ ሠራተኛ ግን በልጅ ቁጥር አይከፈለውም። ስለዚህ ብዙ ልጅ ያለው ዝቅተኛ ተከፋይ ከሚሠራ ይልቅ ቢፈታ ይሻለዋል። ይህን የሚያስተካክለው ሥራ ላለውም ለሌለውም እኩል የሚደርስ አበል ነው።

ረቂቅ ሕጉ በ1945 መጀመሪያ ምክር ቤት ሲቀርብ ግን የገንዘቡ ባለቤት አባትየው ተብሎ ተጽፎ መጣ። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ለዚህ ነገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የደከሙት ራትቦን ተነሥተው፣ አንቀጹ ካልተለወጠ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በሆነው ሕግ ላይ ራሳቸው የተቃውሞ ድምፅ እንደሚሰጡ ተናገሩ። ዛቻ ብቻ አልነበረም። እሳቸው የታገሉት ልጅ የማሳደግ ሥራ እንደ ሥራ እንዲቆጠር ነው፤ ገንዘቡ በአባት በኩል ከመጣ እናትየዋ እንደገና እጇን ዘርግታ የምትጠብቅ ትሆናለች። ከየፓርቲው የተነሡ አባላት ደገፏቸው። መንግሥትም አባላቱ እንደ ሕሊናቸው ድምፅ እንዲሰጡ ለቀቀ፤ አንቀጹ ተለወጠ። አበሉ የእናት ሆነ። ሕጉ ሰኔ 15 ቀን 1945 ጸደቀ።

የመጀመሪያው ክፍያ ነሐሴ 6 ቀን 1946፣ ማክሰኞ ዕለት ተፈጸመ። ራትቦን አላዩትም፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ አርፈዋል። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ እናት በስሟ የተዘጋጀ የክፍያ ደብተር ይሰጣታል፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ደብተሩን ይዛ ሠፈሯ ወዳለው ፖስታ ቤት ትሄዳለች፤ ጸሐፊው የሳምንቱን ቅጠል ማኅተም መትቶ ቀድዶ ያስቀርና ገንዘቡን ይቆጥርላታል። ምርመራ የለም፣ ስለ ባሏ ደሞዝ የሚጠይቃት የለም፣ ሀብታምም ድሃም የሚሰለፈው በአንድ መስኮት ነው። ማክሰኞ መመረጡ በራሱ ጥሩ ነበር። የባል ደሞዝ ዓርብ ይመጣል፤ ማክሰኞ ደግሞ ያ ገንዘብ ወደ ማለቁ የሚቃረብበት ቀን ነው።

ጉድለቱም ከመጀመሪያው አብሮ ነበረ። መጠኑ አምስት ሺሊንግ ብቻ ሆነ፤ ቤቨሪጅ በአማካይ ስምንት ነበር ያሉት። የመጀመሪያው ልጅም አልተቆጠረም፤ ክፍያው የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት፣ ባል የሞተባት ብትሆንም፣ ከዚህ አበል ምንም አታገኝም። በዚያ ላይ አባቶች በልጆቻቸው ልክ የግብር ቅናሽ ያገኙ ነበር፤ ብዙ ግብር የሚከፍለው ብዙ ይቀነስለታል፣ ደሞዙ ግብር የማይደርሰው ድሃ አባት ግን ከቅናሹ ምንም አይቀምስም። ለልጅ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ በዚህ መልክ ሁለት ወንዝ ሆኖ ፈሰሰ፤ ትንሹ ወደ እናት፣ ትልቁ ወደ አባት። በሃምሳዎቹ ዓመታት አበሉ አልፎ አልፎ ጥቂት ሺሊንግ ከመጨመር በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። ድህነት ከአገሪቱ ወጥቷል የሚል እምነትም ሰፈነ።

ያን እምነት ያፈረሱት ሁለት ምሁራን ናቸው። ብራያን አቤል ስሚዝና ፒተር ታውንዘንድ በ1965 የገና ዋዜማ ሰሞን ባወጡት ጥናት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በድህነት ወይም በድህነት ጫፍ እንደሚኖር አሳዩ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ፤ የብዙዎቹ አባቶችም ሥራ አላቸው። በዚያው ዓመት የተሰባሰቡ ሰዎች «የልጆች ድህነት ተሟጋች ቡድን» የሚባለውን ድርጅት መሥርተው ለጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ደብዳቤ አደረሱ። ድርጅቱ ዛሬም አለ። ጥያቄው ሁለቱ ወንዞች አንድ ይሁኑ፣ ለመጀመሪያውም ልጅ ይከፈል፣ ሁሉም ለእናት ይድረስ የሚል ነበር። መንግሥታት ግን ሌላውን መንገድ ሞከሩ። በ1971 ዝቅተኛ ተከፋይ መሆናቸውን በማስረጃ ለሚያረጋግጡ ቤተሰቦች ብቻ የሚሰጥ ድጎማ ተጀመረ፤ መብቱ ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳይጠይቁት ቀሩ። ድህነቱን በቅጽ ሞልቶ ማስመስከር ያለበት ሰው ይሸሻል።

በ1975 የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል አዲሱን የልጅ አበል ሕግ አጸደቁ። የአባቶች የግብር ቅናሽ ይቀራል፤ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ በእናት በኩል ይከፈላል። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። በሚያዝያ 1976 ግን ጄምስ ካላሃን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑና ካስልን ከሥልጣን አነሡ። በግንቦት የካስል ተተኪ ዕቅዱ ላልተወሰነ ጊዜ መተላለፉን አስታወቁ። ሰበቡ ምንድን ነው ቢባል፣ የደሞዝ ጭማሪ ልጓም በተያዘበት ሰሞን የወንዶች የደሞዝ ወረቀት ላይ ተቆራጩ ጨምሮ ቢታይ ሠራተኛው ይቆጣል የሚል ነው። ቤቱ የሚያገኘው ጠቅላላ ገንዘብ አይቀንስም፤ ከባል ኪስ ወጥቶ ወደ ሚስት ቦርሳ መግባቱ ነው የከበዳቸው።

ከዚያ የሆነው ለብሪታንያ ፖለቲካ አዲስ ነበር። ሰኔ 17 ቀን 1976 «ኒው ሶሳይቲ» የተባለ መጽሔት የካቢኔው ቃለ ጉባኤ ምን ይል እንደነበር ዘርዝሮ አወጣ። ጸሐፊው የልጆች ድህነት ተሟጋች ቡድን ዳይሬክተር ፍራንክ ፊልድ ናቸው። ሰነዱን የሰጣቸው ሰው ማንነት ያኔ አልታወቀም። ሚኒስትሮቹ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችንና የካቢኔ ባልደረቦቻቸውን በየተራ እያስፈራሩ ዕቅዱን እንዴት እንደቀበሩት አገር ሁሉ አነበበ። ፖሊስ ምርመራ ጀመረ፣ ምንም አላገኘም። መንግሥት ግን አፍሮ ተመለሰ። አበሉ ከሚያዝያ 1977 ጀምሮ በሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲገባ ተስማሙ፤ ለመጀመሪያው ልጅ በአንድ ፓውንድ ተጀምሮ በ1979 አራት ፓውንድ ደረሰ፣ የአባቶቹ ቅናሽም ቀረ። ሰነዱን ያወጣው ያኔ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩት፣ ኋላ የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባልና ሚኒስትር የሆኑት ማልኮልም ዊክስ መሆናቸው የታወቀው ከሞቱ በኋላ በታተመ የራሳቸው ማስታወሻ ነው። ቢያዙ ሥራቸውን ያጡ ነበር፣ ምናልባትም ይታሰሩ ነበር። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከራትቦን ቀጥሎ የሚጠራ ስም የእሳቸው ነው።

የኪስና የቦርሳው ክርክር ፍሬ እንደነበረው በኋላ ተረጋግጧል። ሼሊ ለንድበርግ፣ ሮበርት ፖላክና ቴሬንስ ዌልስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን የቤተሰብ ወጪ አነጻጽረው ጥናታቸውን በ1997 አሳተሙ። የመረጡት የልብስ ወጪን ነው፤ ምክንያቱም በቤት ወጪ መዝገብ ላይ ለማን እንደወጣ በቀላሉ የሚለይ ነገር ልብስ ነው፤ የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ ተብሎ ይመዘገባል። ገንዘቡ ወደ እናት እጅ ከዞረ በኋላ ለልጆችና ለሴቶች ልብስ የሚወጣው ከወንዶች ልብስ አንጻር ጨመረ። ባልና ሚስት ገንዘባቸውን አንድ ላይ ስለሚያደርጉ ማን ተቀበለው ለውጥ የለውም ይል የነበረው የኢኮኖሚክስ ትምህርት በዚህ ተፈተነ። የላምቤዝ ሴቶች ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም ነበር።

የሰማንያዎቹን ዓመታት ባጭሩ ልለፋቸው። አበሉ ለጥቂት ዓመታት ዋጋ ሲንር ባለበት ታሰረ፤ ሥራ አጥነትና የገቢ ልዩነት በረታ። በሰማንያዎቹ መግቢያ ከሰባት ልጆች አንዱ ገደማ በድህነት ይኖር የነበረው፣ የቤት ወጪ ተቀንሶ ሲሰላ፣ በዘጠናዎቹ ማብቂያ ከሦስት አንዱ ሆነ። ቶኒ ብሌር መጋቢት 1999 በለንደን ቶይንቢ ሆል ቆመው የልጆችን ድህነት በሃያ ዓመት እናጠፋለን ሲሉ ባልደረቦቻቸው እንኳ ደንግጠዋል ይባላል። ገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በልጅ አበሉ ላይ ጨመሩ፣ ለዝቅተኛ ተከፋዮች የልጆች የግብር ተመላሽ አቋቋሙ፤ ያም ለልጁ ዋና አሳዳጊ የሚከፈል ነበር። በ1998/99 ከመቶ 34 የነበረው ድህነት በ2010/11 ወደ 27 ወረደ። ድህነቱን በግማሽ ለመቀነስ የተገባው ቃል አልተፈጸመም። ሆኖም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ኑሮ ተለውጧል፤ ይህን «ያልተሳካ ዕቅድ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። በ2010 ግቡ በሕግ ጸደቀ፣ በ2016 ደግሞ የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት የገቢውን ግብ ከሕጉ ሰረዘው።

ስረዛው ብቻውን አልመጣም። በሐምሌ 2015 ገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን የሁለት ልጅ ገደብ የሚባለውን አስታወቁ። ከሚያዝያ 6 ቀን 2017 ጀምሮ ለሚወለድ ሦስተኛ ልጅና ከዚያ በኋላ ላሉት፣ በገቢ የሚወሰነው የልጅ ድጎማ አይከፈልም ተባለ። የልጅ አበሉ ራሱ አልተነካም፤ የተቆረጠው በልጅ በዓመት ወደ 3,500 ፓውንድ የሚሆነው ትልቁ ድጋፍ ነው። ምክንያቱ ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎችም ሠርተው እንደሚያድሩት ሰዎች አቅማቸውን አይተው ይውለዱ የሚል ነበር። ነገር ግን ገደቡ ካረፈባቸው ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሠራተኛ ያለባቸው ነበሩ። በወሊድ ቁጥር ላይ ያመጣው ለውጥም እጅግ ትንሽ እንደሆነ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ልጁ ተወልዷል፤ የቀረው ዳቦው ነው። የ1945ቱ ሕግ የመጀመሪያውን ልጅ አልቆጠረም፣ የ2017ቱ ደግሞ ሦስተኛውን።

በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ቅጽ ነበር፤ እሱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሦስተኛውን ልጅ በመደፈር ያረገዘች እናት ከገደቡ ነጻ ትሆን ነበር፤ ለዚህ ግን ያ መሆኑን በቅጽ አስታውቃ ሐኪም ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲመሰክርላት ማድረግ ነበረባት። ከደፈራት ሰው ጋር አብራ የምትኖር ከሆነ ደግሞ አትቆጠርም ነበር። ያኔ የግላስጎ የምክር ቤት አባል የነበሩት አሊሰን ትዩሊስ ይህን አንቀጽ ገና ረቂቁ ሲወጣ አግኝተው ለዓመታት ታገሉት። በ1913 የሊቨርፑል መበለት በድሆች ሕግ ሹሞች ፊት ቀርባ ትጠየቅ ከነበረው ይህ በምን እንደሚሻል አላውቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 ገደቡ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ።

ስኮትላንድ የራሷን መንገድ ያዘች። ከየካቲት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አሥር ፓውንድ መክፈል ጀመረች፤ በ2022 ኅዳር ላይ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላሉት ሁሉ አስፍታ 25 ፓውንድ አደረሰችው። በዚህ ክፍያ ልጅ አይመረጥም፤ አምስተኛውም እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል። በለንደን ግን በሐምሌ 2024 ገደቡ እንዲነሣ የሚጠይቅ ማሻሻያን የደገፉ ሰባት የሌበር የምክር ቤት አባላት ከፓርቲያቸው ቡድን ታገዱ። በዚያ ወቅት አራት ሚሊዮን ተኩል ልጆች፣ ማለትም ከመቶ 31 የሚሆኑት፣ በድህነት መስመር ሥር ነበሩ። በ2025 የሁለት ልጅ ገደቡ የነካቸው ልጆች ቁጥር ከ1.6 ሚሊዮን አለፈ። በኅዳር 2025 ገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ገደቡ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ እንደሚነሣ በበጀት ንግግራቸው አስታወቁ፤ እንደ መንግሥት ግምት 450,000 ያህል ልጆች ከድህነት ይወጣሉ።

ይህ ትልቅ ድል ነው። በሕጉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ግድግዳዎች ግን እንደቆሙ ናቸው። በ2013 የመጣው አጠቃላይ ጣሪያ አንድ ቤተሰብ በዓመት ሊያገኝ የሚችለውን ድጎማ፣ የልጅ አበሉን ጨምሮ፣ ለንደን ውስጥ በ25,323 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ በ22,020 ፓውንድ ይገድባል፤ ልጅ ምንም ያህል ቢበዛ ጣሪያው አይነሣም። በ2013 መግባት የጀመረው «የተጠቃለለ ድጎማ» የሚባለው ክፍያ ደግሞ በወር አንዴ፣ እንደ ደንቡ ወደ አንድ የባንክ ሒሳብ ይገባል። ሒሳቡ የባል ከሆነ የልጆቹም ድርሻ አብሮ እዚያ ያርፋል፤ ራትቦን በ1945 ያስለወጡት አንቀጽ በሌላ በር ገብቷል ማለት ነው። በቪዛቸው ላይ «የመንግሥት ድጎማ አይመለከታቸውም» የሚል የተጻፈባቸው ቤተሰቦችም አሉ፤ ከእነሱም መካከል የእኛ ሰዎች ይገኛሉ። የስደተኝነት መብት ያገኘ ሰው አበሉን ያገኛል። የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደሰ ቋሚ ፈቃድ እስኪያገኝ አሥር ዓመት የሚጠብቅ ሰው ግን ግብር እየከፈለም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። እናቱ ሌሊት ቢሮ እያጸዳች ለንደን ውስጥ የተወለደ ልጅ በዚህ ምክንያት የጎረቤቱ ልጅ የሚያገኘውን አበል ሳያገኝ ያድጋል። በመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ ገደብ ያለባቸውን ከልጅ አበል ያስወጣው ሕግ በ1996 የወጣ ሲሆን በተከታዩ የ1999 ሕግ ጸንቶ እስካሁን ይሠራል።